በቆሎ የገባበት በር

አስቀድሜ ልናዘዝ። እኔ ግንበኛ አይደለሁም፣ መሐንዲስም አይደለሁም፤ ተማሪ ሳለሁ በሒሳብ ክፍለ ጊዜ የማስበው ቤት ስለሚመታ ቃል ነበር። ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ባለች አንዲት ጠባብ የፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ ለሰው ማመልከቻ እየጻፍኩ እተዳደራለሁ። የተበላሸ ወረቀት አልጥልም፤ ጀርባው ላይ ግጥም እጽፍበታለሁ። ስለዚህ ግማሾቹ ግጥሞቼ ሲገለበጡ «ጉዳዩ፦ የውሃ ቆጣሪ እንዲቀየርልኝ ስለመጠየቅ» ይላሉ። አንድ ወዳጄ ሁለቱንም ገጽ አንብቦ ልብ የሚነካው የቆጣሪው ነው ብሎኛል። ይህን ሁሉ የማወራው በቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ውስጥ ለዘጠኝ ቀን ቆሞ ስለነበረው የአፈር ተራራ ከሌላ ሰው ከምትሰሙ ከራሴ ብትሰሙ ይሻላል ብዬ ነው።

ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያናችን ዕድሜ ጠገብ ናት። ሶዶ ገና የሣር ቤት ከተማ ሳለች አባቶች ከዳሞታ ተራራ ሥር ድንጋይ በራሳቸው ተሸክመው እያወረዱ የሠሯት ናት። ዳገት ላይ ስለተቀመጠች ከታችኛው መንገድ ወደ በሯ የሚያደርሱ አሥራ አንድ የድንጋይ ደረጃዎች አሏት። በእነዚህ ደረጃዎች ላይ ክፉ የሚናገር ሰው በከተማችን አይገኝም። ሙሽራ ሁሉ ፎቶ የሚነሣው እዚያ ነው። ሽማግሌዎቹ ደግሞ እያንዳንዷን ደረጃ በታሪኳ ያውቋታል፦ ይቺን የሁምቦ ሰዎች አመጧት፣ ይቺን የገሱባ ሰዎች፣ ይቺን ደግሞ ካቶሊክ ሆኖ ሳለ ጎረቤቶቹን ሊያግዝ ከዱቦ የመጣ አንድ ጉልበተኛ። በዚያ ዘመን ከተሸካሚዎቹ መካከል «ደረጃ መውጣት የማይችልስ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። አሥራ አንድ ድንጋይ በራሱ ላይ ያመጣ ሰው እንዲህ ያለ ጥያቄ አይመጣለትም።

መከራዬ የጀመረው ግጥም ካነበብኩበት እሑድ ነው። መድረክ ላይ ቆሜ፣ ድምፄን ከሆዴ አውጥቼ፣

«ደጅህ ሰፊ ነው፣ ለሁሉም ይበቃል፤
የደከመ ሁሉ ገብቶ ያርፍበታል»

አልኩና ሕዝቡ «አሜን!» ሲል አንገቴን ደፋሁ። የትሕትና መድፋት አልነበረም፤ ፈገግታዬን ለመደበቅ ነው። ፕሮግራሙ አልቆ አሥራ አንዱን ደረጃ እየተንሳፈፍኩ ስወርድ፣ ከታች ከዝግባው ዛፍ ሥር ቲቸር አማረች ጠሩኝ።

ቲቸር አማረችን የማያውቅ ካለ፦ የዚህ ከተማ ግማሽ ሕዝብ ፊደል የቆጠረው በእሳቸው እጅ ነው፤ እኔንም ጨምሮ። ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ገሱባ ሲሄዱ የተሳፈሩበት መኪና ተገለበጠ። ከዚያ ወዲህ የሚንቀሳቀሱት በዊልቸር ነው። መጀመሪያ ላይ አራት ጠንካራ መዘምራን ከነዊልቸራቸው ብድግ አድርገው፣ እየዘመሩ፣ አሥራ አንዱን ደረጃ ያወጧቸው ነበር። ሕዝቡም በሁለት ወገን ቆሞ «ተባረኩ!» ይላል። አንድ ቀን ግን ቲቸር «በቃ» አሉና ዛፉ ሥር ቀሩ። ከዚያ ወዲህ ስብከቱን የሚሰሙት ከውጭ፣ በድምፅ ማጉያው ነው።

«ግጥምህ ጥሩ ነው» አሉኝ።

«አመሰግናለሁ፣ ቲቸር።»

«ከዚህ ሆኜ በደንብ ተሰማኝ። አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም።»

«ምኑ፣ ቲቸር?»

«የትኛውን በር ነው የምትለው?»

ሦስተኛ ክፍል ሳለሁ የቤት ሥራ ሳልሠራ ስመጣ የሚያዩኝን አስተያየት አዩኝ። ደረጃውን አየሁ፣ ዛፉን አየሁ፣ ጫማዬን አየሁ።

«እነዚያ ልጆች እኮ ይሸከሙዎት ነበር» አልኩ በመጨረሻ።

«በሰው ትከሻ ላይ ሆኜ የምጸልየው ጸሎት አንድ ነው፤ ‹ሰባተኛዋ ደረጃ ላይ እንዳይጥሉኝ› የሚል። ደግሞ ስብከቱ ሲረዝም መውጣት ብፈልግ አራት ወንድ በምልክት መጥራት አለብኝ። ሕዝቡ ሁሉ ወዴት እንደምሄድ ያውቃል።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ለማንኛውም ክረምት ሲገባ ዛፉም ያፈሳል። ቤቴ ሬዲዮ አለኝ።»

ቤቴ ሬዲዮ አለኝ ያሉበት አነጋገር ሌሊቱን ሙሉ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። ቲቸር አንዴ ቤት ከቀሩ ተመልሰው እንደማይመጡ ገባኝ። ክረምቱ ደግሞ አንድ ወር ተኩል ቀርቶታል።

በሚቀጥለው እሑድ በምእመናን ስብሰባ ላይ ተነሣሁና ደረጃ የሌለው መውጫ፣ ግንበኞች ራምፕ የሚሉት፣ ይሠራ አልኩ። እኛ ዘንድ አንድ ሕግ አለ፤ የትም አልተጻፈም፤ ሁሉ ያውቀዋል። ሐሳብ ያቀረበ ሰው እዚያው የኮሚቴ ሰብሳቢ ይሆናል። ብዙ ጥሩ ሐሳቦች በሶዶ ሳይነገሩ የሚቀሩት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

«ለምን ያስፈልጋል?» አለ ከተሸካሚዎቹ አንዱ ተከፍቶ። «እኛ እኮ አልሰለቸንም!»

«እሳቸውስ?» አልኩ።

«እሳቸውማ ምን ይደክማቸዋል? እኛ አይደለን የምንሸከመው?»

ከዚያ ጋሽ አንጁሎ ተነሡ። ጋሽ አንጁሎ ከሽማግሌዎቹ ሁሉ አንጋፋው ናቸው፤ በወጣትነታቸው ግንበኛ ነበሩ፣ አሁን በከዘራ የሚሄዱ፣ ሲናገሩ ዝንብ እንኳ የምታርፍላቸው ሰው። «ሥሩ» አሉ። «ከደረጃዎቹ ግን አንዲት ድንጋይ እንዳትነኩ።» ተቀመጡ።

የልጅነት ጓደኛዬ ማርቆስ ደህና ግንበኛ ነው፤ ያን ሰሞን ሁምቦ ውስጥ ትምህርት ቤት ይሠራ ነበር። ደወልኩለት።

«የመውጫው ርዝመት ከከፍታው አሥራ ሁለት እጥፍ ይሁን» አለኝ።

እንግዲህ እኔ ሶዶ ገበያ ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። አሥራ ሁለት ሲሉኝ አራት ብዬ ነው የምጀምረው።

«አራት አይሆንም?»

«አንተ ሰው፣ አሥራ ሁለት!»

«እሺ፣ ያንተም ይቅር የእኔም ይቅር፤ አምስት።»

«ከእኔ ጋር እኮ አይደለም የምትከራከረው! ከዳገቱ ጋር ነው! ቅዳሜ ሳምንት እመጣለሁ፣ ጠብቀኝ» ብሎ ጆሮዬ ላይ ዘጋው። እኔ ግን የዘጋው አምስትን ስለተቀበለ መሰለኝ። ሻጭ ዝም ካለ ተስማማ ማለት አይደለምን?

ቅዳሜ ደቦ ጠራሁ። የሰዉ አመጣጥ! ከሁምቦ ያሉ ዘመዶቻችን ሳይቀሩ በአህያ ጋሪ ቀይ አፈር ጭነው መጡ። ሴቶቹ የተቀቀለ ጎደሬ ከዳታ በርበሬ ጋር አቀረቡ፤ ዳታው ያቃጠለው ሰው ሁሉ በእልህ ይቆፍራል። ችግሩ ደግነታቸው ነበር። አባቶቻቸው በደረጃዎቹ ላይ ድንጋይ አላቸው፤ ልጆቹም በዚህኛው እንዲኖራቸው ፈለጉ። ማንም ድንጋዩን ሳያስቀምጥ ወደ ቤቱ አልሄድ አለ። «በቃን!» ስል «የእኔስ?» ይላሉ። ወደ ፊት እንዳናስረዝመው ከፊታችን የሠርግ ድንኳን የሚተከልበት ሜዳ አለ፤ እሱን የሚነካ ሰው ሦስት ዓመት ለማንም ሠርግ አይጠራም። ስለዚህ ድንጋዩ ሁሉ ወደ ላይ ሄደ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቤተ ክርስቲያናችን በር ፊት የዳሞታ ታናሽ ወንድም ቆመ።

ያን ዕለት ሠርግ ነበረ። ሙሽሮቹ ከነሚዜዎቻቸው ደረጃው ሥር ተሰልፈው ፎቶ አንሺው «ፈገግ! ፈገግ!» ይላል። እኔ ደግሞ ለምረቃ ቸኩያለሁ። ቲቸር አማረች ተራራውን ከላይ እስከ ታች ገረመሙት። በሁለት ሴቶች ተደግፈው ከዊልቸራቸው ወርደው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።

«አንተ ቅደም» አሉኝ። «እኔ ከዛፉ ሥር ሆኜ ልይህ።»

ዊልቸራቸው ላይ ተቀመጥኩ። አራቱ ተሸካሚዎች እያለከለኩ ገፍተው አናቱ ላይ አደረሱኝ። ከተማው ሁሉ ታየኝ። በዚህ ጊዜ ዝም ብዬ ወደ በሩ ብዞር ኖሮ ይህ ወግ አይጻፍም ነበር። ግን ገጣሚ ነኝ፤ ከፍታ ላይ ስወጣ መናገር ያምረኛል። እጄን ዘርግቼ «ወገኖቼ! ዛሬ ይህ ደጅ...» ስል ሕዝቡ አጨበጨበ። አራቱ ተሸካሚዎችም አጨበጨቡ። ሰው ለማጨብጨብ ሁለቱንም እጁን እንደሚፈልግ ልብ በሉ።

በጀርባዬ ወረድኩ። ስወርድ ያለፍኳቸውን ሁሉ አስታውሳለሁ፤ የሁምቦ አህያ፣ የጎደሬው ድስት፣ የሙሽራዋ አክስት አፏን ከፍታ። ከሚዜዎቹ መሐል ገብቼ ቆምኩ። ፎቶ አንሺው ምን ያድርግ፣ ጣቱ ቁልፉ ላይ ነበር፣ አነሣ። ፎቶው ዛሬ አረካ ውስጥ አንድ ሳሎን ግድግዳ ላይ በትልቁ ተሰቅሏል። ሙሽራው፣ ሙሽራዋ፣ ስምንት ሚዜዎች፣ በመካከላቸው እጁን ዘርግቶ የተቀመጠ አንድ የማይታወቅ ሰው። የቤቱ እንግዳ ሁሉ አባትየው ናቸው ወይ ብሎ ይጠይቃል አሉ።

ከዛፉ ሥር የቲቸር ድምፅ መጣ። «ተጎዳህ?»

«አልተጎዳሁም፣ ቲቸር።»

«እንግዲያው ዊልቸሬን አምጣልኝ። ቤቴ ልሂድ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። በማግስቱ እሑድ ዛፉ ሥር አልነበሩም። በዘጠነኛው ቀን የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ወርዶ የዳሞታን ታናሽ ወንድም ወደ ታችኛው መንገድ አወረደው፤ ባለ ባጃጆቹ ጭቃውን እስካሁን በስሜ ይጠሩታል።

ቲቸር በቀሩበት በዚያ እሑድ፣ በስብከቱ መሐል ከሰው ዓይን ሸሽቼ በቤተ ክርስቲያኗ ጀርባ ዞርኩ። እዚያ የሚሄድ ሰው የለም፤ ከላይኛው መንገድ ጋር እኩል የሆነ ሣር ብቻ ነው። ግድግዳውን ተደግፌ ተቀምጬ ለራሴ አዘንኩ። ይህ የምችለው ሥራ ነው። ሳዝን ደግሞ ዓይኔ አያርፍም፤ ግድግዳው ላይ ያለ ስንጥቅ ተከተልኩ። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጣ። ከዚያ ወደ ጎን ታጠፈ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ወረደ። እኔ በሕይወቴ ብዙ የተሰነጠቀ ግድግዳ አይቻለሁ፤ ቤቴም አለኝ። እንደዚህ በማስመሪያ የተሰመረ ስንጥቅ ግን አይቼ አላውቅም።

ማርቆስ ከሁምቦ ሲመጣ እጁን ይዤ ወሰድኩት። በመዶሻ እጀታ ቆረቆረው፣ ጆሮውን አስጠጋ።

«በር ነው» አለ። «ሰፊ በር። ጋሪ የሚያስገባ። በድንጋይ ተደፍኗል።» ዝቅ ብሎ ሣሩን አየ። «ደግሞ ከወለሉ ጋር እኩል ነው። አንተ እዚያ ተራራ ስትከምር፣ እዚህ ምንም አያስፈልግም ነበር።»

ያገኘኋቸውን ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ጠየቅኩ። ሁሉም ያውቃሉ! ግን ሁሉም ፊታቸው ይለወጥና «ጋሽ አንጁሎን ጠይቅ» ብለው ይሄዳሉ።

ጋሽ አንጁሎ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። «ሳሮ» ብዬ ሰላምታ ሰጠሁና ስለ በሩ አነሣሁ።

«በደርግ ጊዜ የጸሎት ቤቱን ወሰዱብን» አሉ። «የእህል መጋዘን አደረጉት። ጋሪው በደረጃ አልወጣ ሲላቸው ጀርባውን ቀደዱት። አባቴ የሠራውን ግድግዳ። በዚያ ቀዳዳ በቆሎ ሲገባ ከመንገድ ማዶ ቆሜ አያለሁ፤ መናገር አይቻልም። የመለሱልን ቀን ሌላው ሲዘምር እኔ ድንጋይ አቀብሉኝ አልኩ። በራሴ እጅ ደፈንኩት። ከቤቴ ሰው በዚያ አይገባም ብዬ ነው የደፈንኩት።»

እኔ ምን አደረግኩ? ግጥም አወጣሁ። አሥራ ስድስት መስመር። አንብቤ ስጨርስ ትክ ብለው አዩኝ።

«ታ ናአው» አሉ በወላይትኛ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ውሃ ልስጥህ? አፍህ ደርቋል።»

ተሸንፌ ወደ ቲቸር ቤት ሄድኩ፤ ሬዲዮው ተከፍቷል። ሁሉን ነገርኳቸው። ሲሰሙ ቆዩና ሬዲዮውን ዘጉት። «መንገዱን ምራ» አሉ። ልገፋ እጄን ስዘረጋ «ምራ አልኩ፣ ግፋ አላልኩም» አሉኝ። ያን ኮረኮንች መንገድ በገዛ ክንዳቸው ሄዱት። ጋሽ አንጁሎ ደጅ ስንደርስ ግንባራቸው በላብ ርሷል።

ሁለቱ ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ከብት፣ ስለ ዝናብ ተጠያየቁ። ትዕግሥቴ ሊያልቅ ሲል ቲቸር እንዲህ አሉ፦

«ጋሽ አንጁሎ፣ ያን በቆሎ ማን ነበር የሚሸከመው?»

«ማንም። በጋሪ እየተንከባለለ ይገባ ነበር።»

«በቆሎው ደረጃ ሳያስፈልገው ከገባ፣ እኔ ከበቆሎ አንሳለሁ?»

ጋሽ አንጁሎ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ቲቸር፣ አንቺን አይደለም። ያ በር ሲከፈት ዓይኔ የሚያየው እነዚያን ሰዎች ነው።»

«እኔ ስገባበት እኔን ያያሉ» አሉ ቲቸር። «መቼም የእኔ ፊት ከእነሱ አይከፋም።»

ሽማግሌው ሳቁ። ወዲያው ደግሞ ሳቁ ወደ ሌላ ነገር ሊለወጥባቸው ሲል ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ቆዩ። ጥለውን የተኙ መስሎኝ ነበር። ሲወጡ አሮጌ የግንበኛ መዶሻ ይዘዋል።

«የደፈንኩት እኔ ነኝ» አሉ። «ሌላ ሰው እንዳይነካው።»

ይህን ማለት ቀላል ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ጋሽ አንጁሎ መቱት፤ ግድግዳው ቅንጣት አልነቃነቅም አለ። ደግመው መቱት። ወደ እኛ ዞሩ፣ ዓይናቸው በርቷል።

«አያችሁ? ሲሚንቶ በጠፋበት ዘመን ነው የሠራሁት!»

ማርቆስ በትልቁ መዶሻ ሊያግዝ ለመናቸው። «ቀስ! ቀስ! እንዲህ ያለ ሥራ ዛሬ ታገኛለህ?» ይሉታል። እሱ አንድ ድንጋይ ሲያላቅቅ እሳቸው አንሥተው እያገላበጡ ያደንቁታል። ድንጋዩ ሲወጣ ደስ ይላቸዋል፤ አልወጣ ሲልም ደስ ይላቸዋል። በዚህ ዓይነት የአንድ ቀን ሥራ ሦስት ቀን ፈጀ። ሐሙስ ከሰዓት የመጨረሻው ሲነሣ ከበሩ ሥር፣ ከድንጋይ መሐል፣ ነቀዝ የበላው ጥቂት የበቆሎ ፍሬ ወጣ። ጋሽ አንጁሎ ጎንበስ ብለው አንድ በአንድ ለቀሙት። ኪሳቸው ከተቱት። ብርሃኑ እስከ መካከለኛው አግዳሚ ድረስ ገብቶ ነበር።

ያልታሰበው ነገር የታወቀው እሑድ ነው። በሩ የሚከፈተው መድረኩ አጠገብ፣ በሕዝቡ ፊት ለፊት ነው። ቲቸር አማረች ገና የፊት ጎማቸው ሲገባ ሕዝቡ በአንድነት ተነሣ። እልልታው፣ ጭብጨባው! ከበሮ የያዘ ከበሮውን መታ። አራቱ ተሸካሚዎች አለቀሱ። ሰባኪው ስብከቱን ትቶ ስለ ቲቸር ግማሽ ሰዓት ተናገረ። እኔም ማይክ ተቀብዬ ግጥም አነበብኩ፤ አሥራ ስድስቱን መስመር፣ ከነጭማሪው። ቲቸር በሁሉ መሐል ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ስንወጣ ምስጋና ጠብቄ ቀረብኩ።

«ሙሽራ ነኝ እንዴ?» አሉኝ።

በሚቀጥለው እሑድ ቀሩ።

ያ ሁሉ መዶሻ ለዚህ ነው? እኛው ራሳችን በእልልታ መልሰን ዘጋንባቸው? ፕሮግራሙ እንዳለቀ ሮጬ ቤታቸው ሄድኩ። ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጡ ነበር።

«ቲቸር፣ ተቀየሙን?»

«ለምን እቀየማለሁ?»

«ቀሩ እኮ!»

«አንተ ቀርተህ አታውቅም?» አሉና የልብስ መቆንጠጫ አቀበሉኝ። «ሰው ይቀራል። እስከ ዛሬ መቅረት አልችልም ነበር፤ አራት ሰው ይጠብቀኛላ። ይቺን አንጠልጥል።»

በሦስተኛው እሑድ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ቆርቆሮውን ይደበድባል። አየሁ፣ ቲቸር የሉም። መዝሙሩ አለቀ፣ የሉም። በአዲሱ በር ጉልበት የሚያማቸው እናቶች፣ ሕፃን ያዘሉ ሴቶች፣ ስፒከር የሚያስገቡ መዘምራን ሲመላለሱ ቆይተው በሩ ጸጥ አለ። ጋሽ አንጁሎ ለጸሎት ወደ መድረኩ ወጡ። ሕዝቡ ቆሞ ዓይኑን ጨፈነ።

የጋሽ አንጁሎ ጸሎት ረጅም ነው። ስለ ታመሙት ጀምረው፣ ስለ ሁምቦ ዝናብ ለምነው፣ ወደ ተማሪዎች ፈተና ሲሻገሩ ከኋላቸው የረጠበ ጎማ ወለሉ ላይ ሲንሸራተት ሰማሁ። ዓይኔን ገለጥኩ። ቲቸር አማረች ናቸው፤ ዘግይተው፣ ጃንጥላቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ከነጭቃቸው። ከሽማግሌው ጀርባ አንድ እርምጃ በማይሞላ ቦታ አለፉ። ጋሽ አንጁሎ ድምፁ ሳይሰማቸው አልቀረም። ጸሎታቸውን ግን አላቋረጡም፤ ከተማሪዎቹ ወደ መምህራኖቻቸው አለፉ። ማንም አልዞረም። ማንም አላጨበጨበም። ከእኔ በቀር ከሕዝቡ ሁሉ አንድ ሰው እንኳ ዓይኑን አልገለጠም።

ማርቆስ አግዳሚውን ቆርጦ ባሳጠረው በኩል፣ ቲቸር ከሁለት ሴቶች መሐል ገብተው ዊልቸራቸውን አቆሙ። ጃንጥላቸውን አስቀመጡ። ቀና ሲሉ እኔን አዩኝ፤ ፍጥጥ ብዬ፣ ጥርሴን ገልጬ።

ቅንድባቸውን ሰበሰቡና በጣታቸው ምልክት ሰጡኝ፦ ጨፍን።

ጨፈንኩ።